ኤርሚኒዮ መስኮት የቸነከረበት ጸደይ

ኤርሚኒዮ ሰው ጤፉ ነበር። ይህን የምለው ላማው ብዬ አይደለም፤ ራሱ ቢጠየቅ "አዎ፣ ታዲያ ማንን ላክብር?" ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። በእኛ መንደር ሎሚ የሚበቅለው ከባሕሩ በላይ ገደሉ ላይ በተካበ እርከን ነው። ከሎሚው በላይ ደግሞ ካስታኛ ከሚባለው ዛፍ የተቆረጠ አጣና እየተጋደመ፣ እየታሰረ ዳስ ይሠራለታል። በብርዱ ወራት ዳሱ ጥቁር መረብ ይለብሳል፣ በግንቦት መረቡ ይገፈፋል። ይህን የሚሠራ ሰው መሬት አይረግጥም፤ በአጣናው ላይ ይራመዳል። ከእግሩ ሥር ሎሚ፣ ከሎሚው ሥር እርከን፣ ከእርከኑ ሥር ሌላ እርከን፣ ከሁሉም ሥር ባሕር አለ። ኤርሚኒዮ አርባ አራት ዓመት እንዲህ ሲራመድ አንድም ቀን ወገቡ ላይ ገመድ አስሮ አያውቅም።

ገመድ ያሰረውን ሰው "ፍየል" ይለዋል። በመሰላል የሚወጣውን "ነፍሰ ጡር" ይለዋል። ሐኪሞች ለእሱ ደመወዝ የሚበሉ ጠንቋዮች ናቸው። የአጎቱ ልጅ ከዳስ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር ሊጠይቀው ሄደና አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ "እኔ የምልህ፣ መጀመሪያውኑ ማን ውጣ አለህ?" ብሎት ተመለሰ። ብርቱካን ይዞ ሄዶ ነበር፤ ብርቱካኑንም ይዞት ተመለሰ። ይህ ሁሉ ግን ሚስቱን ካደረጋት ጋር ሲተያይ ቁም ነገር አይደለም።

ሚስቱ ኦርሶላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያዞራት ነበር። ማዞሩ ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይከርማል፣ ይሄዳል፣ ረሳሁት ስትል ይመለሳል። ጠዋት በቀኝ ጎኗ ስትገላበጥ ጣሪያው ይሽከረከርባታል። ልብስ ልታሰጣ ቀና ስትል ግድግዳ ይዛ ትቆማለች። መንደሩ በሽታውን ያውቀዋል፤ ማለቴ፣ ያውቀዋል ብሎ ያምናል። እኛ ዘንድ ያዞረው ሰው ሁሉ አንገቱን ነፋስ መቶት ነው። ሌላ ምክንያት የለም፣ ኖሮም አያውቅም። ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች ከፍተህ መሃል ከቆምክ፣ ላብህ ሳይደርቅ ከወጣህ፣ እርጥብ ፀጉር ይዘህ ከተኛህ አለቀልህ። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ አንገትህን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልለህ ሳትነቃነቅ መቀመጥ። ይህን የሚሉት ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እንዲያውም አስተማሪ ነበር።

ኤርሚኒዮ ለሚስቱ ይህችንም ነፍጓታል። ሌላውን ሲያዞረው ነፋስ ነው፤ ኦርሶላን ሲያዞራት ስንፍና ነው።

"ቅርጫት መሸከም ሲመጣ ያዞራታል፤ ሠርግ ሲጠሯት አያዞራትም" ይላል፣ እሷው እየሰማች።

ኦርሶላ አንድ ቀን ማንንም ሳታማክር አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ከተማው ሆስፒታል ወረደችና አንዲት ወጣት ሐኪም ዘንድ ገባች። ሐኪሟ አልጋ ላይ አስቀመጠቻት፣ ጭንቅላቷን ወደ ቀኝ አዞረችው፣ ከዚያ ጭንቅላቷ ከአልጋው ጫፍ አልፎ እስኪንጠለጠል ድረስ በጀርባዋ አስተኛቻት። ጠበቀች። ወደ ግራ አዞረችው፤ ደግሞ ጠበቀች። በግራ ጎኗ ገልብጣ ወለሉን አሳየቻት። ከዚያ አስነሣቻት። "ጆሮሽ ውስጥ ከቦታዋ የወጣች ጠጠር አለች፤ ወደ ቤቷ መመለስ ነው" አለቻት። ኦርሶላ ግድግዳ ሳትይዝ ወደ አውቶቡሱ ሄደች። ከዚያ ወዲህ በተመለሰባት ቁጥር እቤቷ አልጋ ላይ ለብቻዋ ታደርገዋለች። በየጎኑ አንድ ደቂቃ ያህል ቆዪ ተብላ ነበር፤ የሚሽከረከር ሰዓት ማንበብ ስለማይቻል በየጎኑ ሁለት ሁለት ጊዜ "አባታችን ሆይ" ትላለች።

ኤርሚኒዮ አንድ ቀን እንዲያ ተንጠልጥላ አገኛት። ታዲያ ምን ሆንሽ አላት? ወደ ኑንዚያንቴ ቡና ቤት ሄደ እንጂ።

"የእኔዋ" አለ፣ "አንገቷን እንደሚታረድ ዝይ ከአልጋ ጫፍ አንጠልጥላ ትጸልያለች።"

እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድሞ አሳያቸው፤ ምላሱን ሁሉ አወጣላቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለሁለት ዓመት ያህል ኦርሶላ በአደባባይ ስታልፍ የዝይ ድምፅ የሚያሰማ አይጠፋም ነበር። የልጅ ልጅ ያዩ፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ሰዎች እኮ ናቸው።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው የመጣው በሚያዝያ መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኤርሚኒዮ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ነው። ወለሉ ከሥሩ ተነሥቶ ሄደ። ግድግዳው ተከተለው፤ ቁም ሣጥኑ፣ መስቀሉ፣ የሟች እናቱ ፎቶግራፍ አንድ ላይ ዞሩ። የአልጋውን እግር በሁለት እጁ አንቆ ያዘ። ግማሽ ደቂቃ ቢሆነው ነው፤ ለእሱ ግን እድሜውን የሚያህል መስሎታል። ሁሉም ወደ ቦታው ሲመለስ ኤርሚኒዮ መጀመሪያ ያየው በሩን ነው፤ ኦርሶላ አይታ እንደሆን። ወጥ ቤት ነበረች።

ሁለት ነገር ወዲያው ገባው። አንደኛው ነፋስ እንደመታው ነው፤ አስተማሪው ያመነውን እሱ ለምን አያምንም? ሁለተኛው ኦርሶላ ማወቅ እንደሌለባት ነው። መድኃኒቱ እቤቱ ውስጥ ሽርጥ ታጥቆ ባቄላ ይቀቅላል፤ የሚያስፈልገው "ኦርሶላ፣ አዞረኝ" ማለት ብቻ ነው። ይህችን ሁለት ቃል ከሚናገር ገደል ቢገባ ይመርጥ ነበር። ገደሉም ሩቅ አልነበረም፤ በግንቦት ሁለተኛው ሰኞ የትልቁ እርከን መረብ ይገፈፋል፣ እንደ ልማዱ አጣናው ላይ ቀድሞ የሚወጣው ኤርሚኒዮ ነው። እሱ ከቀረ ከኋላው የሚከተለው ሠራተኛ ሳባቶ ይወጣል። ሳባቶ ደግሞ ገመድ የሚያስር ሰው ነው።

እናም መዶሻ አንሥቶ መስኮቶቹን ቸነከረ። አራት መስኮት፣ ለእያንዳንዱ አራት ምስማር።

"ምን እየሠራህ ነው?" አለች ኦርሶላ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

"ሽውታ ይገባል።"

"ግንቦት ሊገባ እኮ ነው!"

"ሽውታ የጥርና የግንቦት አለው እንዴ? አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ።"

"ማንን መታ?"

"ማንንም። ለቤቱ ብዬ ነው።"

"ለቤቱ" አለች። "ቤቱ አንገት አለው?"

ቤቱ በሦስት ቀን ውስጥ የባቄላና የካልሲ ሽታ ብቻ ሆነ። ኤርሚኒዮ አንገቱን በሱፍ ሻርፕ ጠቀለለ፤ በበዓል ቀን በትከሻ እንደሚወጣው የቅዱሳችን ሐውልትም ቀጥ አድርጎ ይዞት ዞረ። አንገቱን ካላዞረ ዓለም አትዞርም ብሎ ነው። መታሸት ይሻላል ሲሉ ሰምቶ፣ እድሜ ልኩን ሲያላግጥበት ወደኖረው ወደ ታችኛው መንደር ወጌሻም ተደብቆ ሄዶ ነበር። ወጌሻው ነፋሱን ላውጣልህ ብሎ አንገቱን እንደ ሊጥ ሲያሸው ከበፊቱ ብሶበት ግድግዳ እየያዘ ተመለሰ።

እና የሚያስቀው ነገር፣ ማንም አልጠረጠረም። አንገቱ ሲደርቅ መንደሩ ኩራት ነው አለ።

"አሁንስ አበዛው" አለ ኑንዚያንቴ። "ድሮ ሰላም ስትለው በንቀትም ቢሆን ያይህ ነበር። ዛሬ ዞሮም አያይ!"

"ማስትሮ፣ በዚህ ሙቀት ሻርፑ ምንድን ነው?" ብሎ አንዱ ደፍሮ ጠየቀው፤ ነባር ባለሙያን ማስትሮ ነው የምንለው።

"የሚያምርበት ሰው ያደርገዋል" አለ ኤርሚኒዮ፣ ግድግዳውን እያየ።

ሌላ ሰው ቢሆን አንዱ "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" ይለው ነበር። አርባ ዓመት ሰው ሲንቅ የኖረ ሰው ቢታመም እንኳ የናቀ ነው የሚመስለው። ኤርሚኒዮ ለራሱ ያሠራት ቤት ይህች ናት።

ኦርሶላ ግን በሁለተኛው ቀን አውቃለች። ቁጭ ብሎ መተኛት ጀመረ፤ በቀኝ ጎኑ አይተኛም፤ ከመነሣቱ በፊት የአልጋውን እግር ይፈልጋል። እሷ ዘጠኝ ዓመት የኖረችበት ቤት ስለሆነ በሩን ታውቀዋለች። አንድ ምሳ ላይ የባቄላውን ሾርባ አስቀምጣለት ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"የምትለኝ ነገር አለ?"

"ጨው ያንሰዋል።"

"ሌላስ?"

"ዳቦውም ደርቋል።"

"እሺ" አለችና ሳህኗን ይዛ ተነሣች።

እሷም ቂመኛ ናት የሚል ይኖራል። ይበል። ይህን የሚለው ዘጠኝ ዓመት ያልታመመ፣ ሁለት ዓመት ዝይ ያልተባለ ሰው ነው።

ሰኞው ደረሰ። ኤርሚኒዮ ሻርፑን እንዳደረገ ወጣ፤ አንገቱን አድርቆ ወደ ፊት ብቻ እያየ ሦስት ረድፍ ሄደ። ከሥር ሴቶቹ የተገፈፈውን መረብ ይጠቀልላሉ፤ ኦርሶላም አለች። ከእሱ ጀርባ ሳባቶ ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ ይከተላል።

"ማስትሮ፣ ይቆዩ! መረቡ ከላይኛው እርከን ተያዘ፤ ቀና ብለው ይዩልኝ!"

ኤርሚኒዮ አርባ አራት ዓመት የለመደውን አደረገ፤ ቀና አለ።

ሰማዩ ተገለበጠ። ባሕሩ በቀኙ መጥቶ በግራው አለፈ። ሆዱን በአጣናው ላይ ጥሎ ሁለት አጣና በክንዱና በጭኑ አቅፎ ቀረ። ከሥር ያሉት የመጀመሪያዋን ደቂቃ ሎሚ የሚያይ መስሏቸው ነበር።

"ማስትሮ፣ ምን አገኙ?"

"ሥራህን ሥራ!" አለ ዓይኑን እንደ ጨፈነ፤ ከዚያ ሎሚው ላይ አስመለሰው።

ሳባቶ ገመዱን ፈትቶ ሊያቀብለው ጠጋ አለ። "ይታሰሩ፣ እኛ እናወርድዎታለን።"

"ፍየል አይደለሁም!"

ሥራው ቆመ። ከአደባባዩ ሰው መጣ፤ ኑንዚያንቴ ሳይቀር የቡና ቤቱን ሽርጥ እንደ ታጠቀ መጣ። ያቀፋቸውን አጣናዎች የሚያስለቅቀው አልተገኘም፤ ሲነኩት ይጮሃል። ኦርሶላ በዳሱ ሥር ገብታ ልክ ከፊቱ በታች ቆመች። አፍንጫው በሁለት አጣና መካከል ወጥቷል፤ በእሱና በእሷ መካከል አንድ ክንድ ቢኖር ነው።

"ኤርሚኒዮ።"

"ሂጂ ከዚህ።"

"በየትኛው ጎን ይብስሃል?"

"ነፋስ ነው። ያልፋል።"

"እንግዲያው እስኪያልፍ ቆይ" አለችና ቅርጫት ገልብጣ ተቀመጠች። ከኪሷ ዳቦና ቲማቲም አውጥታ መብላት ጀመረች።

"አክስቴ ኦርሶላ፣ ኧረ ሰውየው ይወድቃል!" አለ ሳባቶ።

"አይወድቅም። የዞረበት ሰው የያዘውን አይለቅም፤ ይህን ከእኔ ተማር። ደግሞ አልጠራኝም።"

ዳቦውን ጨረሰች። ፀሐይዋ የኤርሚኒዮን ማጅራት በሻርፑ ውስጥ ትቀቅለው ጀመር። ጭንቅላቱን ትንሽ ባንቀሳቀሰ ቁጥር ባሕሩ ሊወስደው ይመጣል። እጁ ዝሏል። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየዋል፤ እሱ ደግሞ ስንቱን ሰው እንዲህ ቆሞ አይቷል።

"ኦርሶላ" አለ በመጨረሻ።

"አቤት።"

"አዞረኝ።"

"አልሰማሁም። ኑንዚያንቴም የሰማ አይመስለኝም።"

"አዞረኝ አልኩሽ!"

ኦርሶላ እጇን ጠርጋ መሰላሉን ወጣች፤ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰፊ ሳንቃ አቀብሉኝ አለች፤ ሁለት አቀበሏት። አጣናው ላይ አጋድማ፣ በሳባቶ ረዳትነት ባሏን እየጎተተች አስቀመጠችው። ሻርፑን ፈትታ ወረወረችው። ከዚያ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ቀኝ አዞረችና በጀርባው አስተኛችው፤ አንገቱ ከሳንቃው ጫፍ አልፎ በሎሚው ላይ ተንጠለጠለ።

"ወደቅኩ!" ብሎ ጮኸ። ክንዷን አንቆ ያዘ።

"አልወደቅክም። 'የዕለት እንጀራችንን' ላይ ደርሻለሁ፣ ታገሥ።"

ከታች ያሉት ጸሎት መሆኑን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ እስከ ዛሬም ያዳነው ጸሎቱ ነው ይላሉ። ከኋላ ግን አንድ ሰው የዝይ ድምፅ አሰማ። ሌሎቹም ሳቃቸውን ሊውጡ ሲሞክሩ አፈናቸው። ኤርሚኒዮ ማን እንደሆነ በድምፁ አውቆታል፤ ያስተማረውም እሱ ነው።

ሁለት ጊዜ "አባታችን ሆይ" በቀኝ፣ ሁለት በግራ፣ ሁለት በጎኑ ተጋድሞ ወደ ታች እያየ። ከዚያ አስነሣችው። ዓለም ቆማለች። ኤርሚኒዮ ቀስ ብሎ ወደ ባሕሩ፣ ቀስ ብሎ ወደ ተራራው ዞረ። ሁሉም በቦታው ነው። ከታች ሃምሳ ሰው ምን እንደሚል ይጠብቃል።

"ነፋሱ ቆመ" አለ።

ኦርሶላ አየችው፤ ብዙ አየችው። ከዚያ ወረደች፣ ሳባቶንም አስወረደችው፣ መሰላሉን አንሥታ ግንቡ ሥር አጋደመችው።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"መሰላል ለነፍሰ ጡር ነው ብለሃል። ነፋሱ ያውርድህ።" ወደ ሰዉ ዞረች። "ምን ትጠብቃላችሁ? ምሳ ነው፣ ሂዱ!"

ሄዱ። ለምሳ ሲሆን የእኛ ሰው ቅዱሱንም ትቶ ይሄዳል።

ኤርሚኒዮ ድሮ ቢሆን ሁለት አጣና ተሻግሮ ግንቡ ላይ ዘልሎ ነበር። አሁን ግን ዓለም መልሳ ትዞር እንደሆን አያምናትም። ሳንቃው ላይ ተቀመጠ። ከሥሩ ኦርሶላ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ ቅርፊቱ በቅርጫቱ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማዋል። ሰዓት የሚቆጥረው የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም ሁለት ጊዜ ደወለ። ሌላ የሚያየው ስላልነበረ ከላይ ሆኖ የሚስቱን አናት አየ፤ ሸብቷል። ጠዋት ጠዋት የወጥ ቤቱን ግድግዳ ይዛ ስትቆም በአጠገቧ እያለፈ "ቡናውስ?" ይላት እንደነበር ትዝ አለው። ያን ጊዜ ወለሉ እንዲህ ይሄድባት ነበር ማለት ነው፤ እንደዚያም ሆኖ ቡናውን ታመጣለች። ኤርሚኒዮ አፈረ። ስሜቱን አላወቀውም፤ መጀመሪያ ረሃብ መስሎት ነበር።

"ኦርሶላ።"

"አቤት።"

"ነፋስ አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

ደወሉ ሦስት ጊዜ ደወለ።

"ያንቺም ስንፍና አልነበረም።"

ጥቂት ባቄላ ፈለፈለች፤ ከዚያ ተነሥታ መሰላሉን አቆመችለት። እንደ ነፍሰ ጡር አንድ በአንድ እየረገጠ ወረደ። እግሩ መሬት ሲነካ ኦርሶላ ከሽርጧ ኪስ ጉጠት አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠች። መስኮቶቹን ከቸነከረበት ቀን ጀምራ ይዛው ትዞር ነበር።

አሥራ ስድስቱን ምስማር ነቀለ። ለታችኞቹ ጎንበስ፣ ለላይኞቹ ቀና አለ፤ ኦርሶላ በሩ ላይ ቆማ ቆጠረች። አራተኛው መስኮት ሲከፈት የባሕሩ ነፋስ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ አለፈ፤ የእናቱ ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ተነቃነቀ። የኤርሚኒዮ እጅ ሳያውቀው ሻርፕ ፍለጋ ወደ አንገቱ ሄደ።

ኦርሶላ እያየችው ነበር። እጁን መለሰ።